ሚሽሚሿን ለአንተ፣ ቆሎውን ለእኔ

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣ እንደምን ሰነበትክ? ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። አሰላ ያው አሰላ ናት። ጭላሎ ደመናውን ተከናንቦ መዋል ጀምሯል፤ ጋሪዎቹም በጭቃው ከባጃጆቹ ጋር መጋፋታቸውን አልተዉም። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ብቻ ያኮርፈኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ነው። ወሬው ደግሞ ከሚሽሚሽ ይጀምራል።

እንደምትስቅ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ዘሀራ ያንን የደረቀ ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳህን የላከችልንን ቀን ታስታውሳለህ? ኮክ የሚመስል ፍሬ ነው፣ አፕሪኮት ይባላል፣ እኛ ግን ሚሽሚሽ ነው የምንለው ብላ ነበር። አንተ መጥቆሩን አይተህ ተበላሽቷል ብለህ ለዶሮዎቹ በተንክላቸው። ማምሻውን ጣፈጣችሁ ወይ ስትልህ፣ እጅግ በጣም አልካት። እርግጥ ዶሮዎቹ ወደውት ነበር። ብርቱካናማ የሆነው ፍሬ መልኩ እንዳይጠፋ መድኃኒት የነካው መሆኑን፣ ጠቆር ያለው ግን እንዲሁ በፀሐይ የደረቀ መሆኑን የነገረችን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያማ አንተን ማን ይቻልህ!

ከሁሉም የወደድክለት ቢላ አለማየቱን ነው። በእኛ ሰፈር በዓል በመጣ ቁጥር ለእነሱ ለብቻ፣ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል፤ ጎረቤት ሲጠራም ሥጋው የማን ነው ማለት አይቀርም። ሚሽሚሽ ግን የማንም እርድ አይደለም፣ የእኛንም ጾም አይፈታም። ስለዚህ ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅለህ ለሁለቱም ቤት የሚሆን አደረግከው። ፍሬው ሲደርቅ ስኳሩ ይጠራቀማልና ለአንተ ለስኳር በሽተኛው የምፈቅደው ጥቂት ብቻ ነበር። አንተ ግን ጨዋታ እያመጣህ፣ እጅህን እያመላለስክ ሚሽሚሿን ለቅመህ ቆሎውን ለእኔ ትተዋለህ። ስቆጣህ ጥርሴ ነው ትለኛለህ። ጥርስህ አጥንት ይሰብር ነበር እኮ!

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። ልጃችን ሂሩት ጎበሳ ከተማ እያስተማረች የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ለክትትል ስትሄድ ደምሽ ዝቅ ብሏል ተባለችና የአይረን ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኑ ሆዷን ሲያደርቅባት ለማንም ሳትናገር ተወችው። አመሏ ያንተው አይደል? እኔ ያወቅኩት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ከበሩ እስከ ቤት መራመድ አቅቷት ደጃፉ ላይ ስትቀመጥ ነው። በዚህ ላይ በወሊድ ደም ቢፈሳትስ ብዬ ፈራሁ። አንተን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ እሷን ባጣስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ለምን ብቻዬን ተውከኝ ብዬ ተቆጣሁህ።

ከእኔ ዘንድ እንድትሰነብት አደረግኩ። ዘሀራም ይህን ስትሰማ ከማፍጠሪያዋ ቀንሳ ሚሽሚሽ ይዛ መጣች። ሐኪሙን ስንጠይቀው ምግብ እንጂ የኪኒኑ ምትክ አይደለም፣ ሆዷን እንዲያለሰልስላት ግን ይረዳታል፣ ኪኒኑን ሳታቋርጥ ትብላው አለን። ለእኔ ይኸው በቃኝ። ማታ አጥቤ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ጠዋት አብጦ ሲለሰልስ ውሃውን ጠጥታ ፍሬውን ትበላለች፣ ኪኒኗንም ዓይኔ እያየ ትውጣለች። የንስሐ አባታችን ጾሙን እንድትተው ቢፈቅዱላትም ሥጋና ወተት ገና ሲሸታት ያቅለሸልሻት ነበር። እኔም ምስር ወጡ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ከትፌ ጨመርኩ፤ የበርበሬውን ቁጣ አበረደው። ሩዙ ላይም፣ የአጃው ገንፎ ላይም ተዋጣልኝ። ሽሮው ውስጥ የጨመርኩ ቀን ግን ሊጠይቃት የመጣው ባሏ በይሉኝታ ነው የዋጠው።

ቀስ በቀስ ሆዷ ተስተካከለ፣ ኪኒኑንም ሳታቋርጥ ቀጠለች። መውለጃዋ ሲቃረብ ደሟ ወደ ቦታው ተመለሰ ተባልን። ግንቦት ላይ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት ታዴዬ፣ ግንባሯ ቁርጥ አንተን! ከእኔ ቀድማ እልል ያለችው ዘሀራ ናት።

ሙት ዓመትህን ያወጣነው በሰኔ ጾም ስለነበር እርድ የለም። ቆሎውን በሚሽሚሽ ቀላቅዬ በትልቁ ትሪ መሐል ላይ አስቀመጥኩት፤ ቄሱም ዘሀራም ከአንዱ ትሪ ዘገኑ። አንተ ብታይ ኖሮ ኩራትህ አያስቀምጥህም ነበር።

እንግዳው ሲቀል ሂሩት ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ጨዋታ እያመጣች አንድ እጇን ታመላልሳለች። ቆይቼ ትሪውን ሳየው በእሷ በኩል የቀረው ቆሎ ብቻ ነው። ልቆጣት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ምን ሆንሽ እማ፣ ብላ ደነገጠች።

ጥርሴ ነው አልኳት።

አይዞህ ታዴዬ፣ አልረሳህም። ይቺ ትንሿም ጥርስ አውጥታ ከትሪው መልቀም ስትጀምር፣ አመሉ ከማን እንደመጣ እየነገርኳት ሚሽሚሿን እተውላታለሁ። ቆሎውን እንደ ልማዴ እኔ እቆረጥመዋለሁ።

ያንተዋ አስናቀች