እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አላነሳሽም

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ ወገብሽ ተወሽ? የእማዬ ዓይን ተሻላት? ትንሹ ወንድማችን አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነው የሚያደርገው? ድመቷስ፣ ያ ሲከፈት የሚያለቅሰው በራችንስ ደህና ናቸው? እኔ ናፍቆታችሁ ሆዴን ከመብላቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ሆዴም እንደምታውቂው ሰፊ ስለሆነ ገና በልቶ አልጨረሰውም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ የኪቦርድሽ ድምፅ ጭራሽ እንደጠፋ፣ የምታስተምሪያቸው ልጆችም አንድ በአንድ እንደቀሩ ጽፈሽልኝ ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬም ሰሞኑን መጥቶ ለመለዋወጫ እንደሚወስደው ነግረሽኛል። ከዚያ «ሞቷል፤ እኔም ትቼዋለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር ዘጋሽው። አንቺ እኔን ለመቆጣት እንኳ ሦስት ገጽ የማይበቃሽ ሰው ነሽና ያቺ አንድ መስመር አስፈራችኝ። አደራሽን፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለሰውዬው በር እንዳትከፍቺለት።

የምሠራው የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤት እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ሥራዬ አቧራ መጥረግ፣ ብሎን መፍታትና የፈታሁት ብሎን ሲጠፋ አላየሁም ማለት ነው። አለቃዬን ጋሼ ፊውዝ የምላቸው ቶሎ ስለሚቃጠሉ ነው፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ፣ ጆሮዬን እወደዋለሁና።

ታዲያ በቀደም ሁለት ኪቦርዶች በአንድ ቀጭን ገመድ ተያይዘው አገኘሁ፤ አንዱ ፊት ለፊት ደንበኛ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ሌላው በጓሮ በኩል። የጓሮውን ብነካው የፊተኛው ጮኸ። ይህን ያገኘ እንደኔ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አንቺ አሳምረሽ ታውቂያለሽ። የጥገና ቤቱ ጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ በየቀኑ እየመጣ ምንም ነገር አስፈርቶት እንደማያውቅ ያወራልናል። እንደልማዱ ከኪቦርዱ አጠገብ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ከጓሮ ሆኜ በስሱ ጀመርኩለት። ማንም ያልነካው መሣሪያ ሲያንጎራጉር ብድግ አለ። ወፍራሞቹን ድምፆች ስጨምርለት ማበጠሪያውን ጥሎ የኋሊት ወጣ። ማበጠሪያውን የወሰደለት ሌላ ሰው ነው።

ጋሼ ፊውዝ ጆሮዬን እንደያዙ ወደ ላፕቶፓቸው ጎተቱኝ። እኔ እኮ ድምፁ በገመዱ ውስጥ እንደ ቧንቧ ውሃ የሚፈስ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ገመዱን ነቅዬ ጫፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ጭጭ አለ። ይህን ስነግራቸው ጆሮዬን ለቀው ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «በዚህ ገመድ ድምፅ አልፎ አያውቅም። የሚያልፈው እጅህ ያደረገው ነው።»

ከዚያ በስክሪኑ አሳዩኝ። አንድ ቁልፍ ስጫን አንድ መስመር ብቅ ይላል፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነና ምን ያህል ጠበቅ አድርጌ እንደመታሁት በቁጥር። ስለቀው ሌላ መስመር። ጣት ቁልፉን ከለቀቀ በኋላም ድምፁን ይዞ የሚያቆየውን የእግር ፔዳል ስረግጥ ስድሳ አራተኛው መቆጣጠሪያ ተረገጠ ይላል፤ ሳነሳ ተነሳ ይላል። በጎን ያለችውን የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ ቀስ አድርጌ ስገፋት ደግሞ ቁጥሩ ከዜሮ እስከ መቶ ሃያ ሰባት እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ወጣ። ይህን የትዕዛዝ ቋንቋ ሚዲ ይሉታል። የጓሮው ኪቦርድ ያዛል፣ ድምፁን የሚያወጣው የታዘዘው የፊተኛው ነው። እማዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ስታዘኝ ወዲያ ወዲህ የምለው እኔ እንደሆንኩት ማለት ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው «ቆይ መጣሁ» ብሎ አይጠፋም።

እታለም፣ እኔ ትምህርት ቤት አስተማሪ እያወራ የማንቀላፋው ልጅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ተቆጥቼ ብነካው ቁጣዬ ይጻፋል። ፈርቼ ብነካው ፍርሃቴ ይጻፋል። ጣቴ ያመነታባት ቅጽበት እንኳ አትቀርም። የሰው እጅ ያደረገው ሁሉ ያለ ድምፅ በቀጭን ገመድ ሲሄድ ማየት እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ።

ያንቺ ኪቦርድ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ድምፁ የጠፋ ኪቦርድ ማዘዝ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መብራቱ ከበራ ይችል ይሆናል፣ የሞተው ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል አሉኝ። በማግስቱ ደውዬ «የቤታችንን ጎረቤት ልጅ፣ ተማሪውን፣ ከነላፕቶፑ ጥሪውና ኪቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኙት፣ ለሥራዬ ገመድ ልፈትን ነው፣ ዝም ብለሽ የመጣልሽን ንኪ» ያልኩሽ ለዚህ ነበር። የምን ገመድ ፈተና። «ኪቦርድሽን ላድንልሽ ነው» ብልሽ «ትቼዋለሁ» ብለሽ ስልኩን እንደምትዘጊብኝ አውቃለሁ። ቁጣሽን አስቀምጪልኝ፣ ስመጣ እቀበላለሁ።

ተማሪው እጅሽ ያደረገውን ቀድቶ የላከልኝ ፋይል ከአንዲት ፎቶ እንኳ ያነሰ ነበር። እህቴ ይህችን ታህል ናት እንዴ ብዬ ሳቅኩ። ጋሼ ከፊተኛው ኪቦርድ ጋር አገናኙት፣ የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ መረጡለትና ለቀቁት።

መጀመሪያ ወዲያ ወዲህ ነካካሽ። ቆም አልሽ። ከዚያ ያንን ጀመርሽ፤ እኔ ከውጭ ስገባ አረማመዴን ለማሾፍ የምትጫወቺውን፣ ዳክዬ ጭቃ ውስጥ የገባች የሚመስለውን። ያንን ዜማ ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ዳክዬዋ ግራ እግሯ ላይ የምትዘገይባት ቦታ እንኳ ሳትቀር መጣች። ድሮ እየሳቅሽ ነበር የምትደልቂው፤ አሁን ግን የተኛ ሰው እንዳይነቃብሽ የፈራሽ ይመስል ቁጥሮቹ ሁሉ ትንንሽ ነበሩ። አንቺ ራስሽ ሳትሰሚው የተጫወትሽውን እኔ ይህን ያህል ርቄ ሰማሁት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ አንቺ ግን ተቀምጠሻል። የኋሊት መውጣት አማረኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ ላይ የሠራሁት ተንኮል ዞሮ እኔን አገኘኝ።

ጋሼ ፊውዝ ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። እህቴ ናት፣ መጫወት ትታለች አልኳቸው። «ይቺ ሴት አልተወችም» አሉኝ።

ዜማው አለቀ፤ ድምፁ ግን አላለቀም። የመጨረሻው ድምፅ እንደተንሳፈፈ ቀረ። ጋሼ ስክሪኑን አሳዩኝ፤ ጣቶችሽ ሁሉንም ቁልፍ ለቀዋል፣ ፔዳሉን የረገጥሽበት መስመር አለ፣ ያነሳሽበት ግን የለም። ያ ችኩል ተማሪ እግርሽን ሳታነሺ ቅጂውን ዘግቶታል። መሣሪያው ታዲያ ተነሳ የሚለው መስመር እስኪመጣ ድረስ ድምፁን ይዞ ይጠብቅሻል። ጋሼ ሊያጠፉት እጃቸውን ሲዘረጉ ለመንኳቸው፣ እሳቸውም ተዉት። ይህን የምጽፍልሽ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው፤ አሁንም አላቆመም።

ስለዚህ ሰውዬውን ከደጅ መልሺው። ኪቦርድሽ ዲዳ ሆነ እንጂ አልሞተም። የተማሪው ላፕቶፕ ድምፅ ይሆንልሻል፤ እንዴት እንደሚደረግ ጋሼ በስልክ ሊያስረዱት ቃል ገብተዋል። ልጆቹንም መልሰሽ ጥሪያቸው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እየበላሁ ነው በያት። ትንሹን ጆሮውን ሳብ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፣ እዚህ የእኔ ብቻ መሳቡ ተገቢ አይደለም። ተማሪውን አመስግኚልኝ፣ ቀጥሎም ስለ ችኮላው ኮርኩሚልኝ። ድመቷን እንዳመጣጧ። አንቺን ግን ሰላም የምልሽ ተቀምጠሽ ከቆምሽበት ስትቀጥዪ ነው። ፔዳሉን እኔ አልነካውም፤ እግሩ ያንቺ ነው።

ዳክዬው ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ፣ ከፊተኛው ኪቦርድ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 9 ቀን