ያለ ሪቬት የተጠገነው አውሮፕላን

ይድረስ ለአባባ፤

ከተለዩን እነሆ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኛ ደህና ነን። የቡሬውን የቆርቆሮ ሱቅዎን ታናሽ ወንድሜ ዳኘው ይዞታል፤ ባልዲው አያፈስም፣ ደንበኛ ላይ መቀለዱን ግን ከእርስዎ አልወረሰም። እማዬም ኢየሩሳሌምን ተሳልማ ተመለሰች! ፍኖተ ሰላም ላይ ዘመዱ ሁሉ በእልልታ ተቀበላት፤ አሁን ሰዉ ስሟን ትቶ «ኢየሩሳሌም» ነው የሚላት።

የአውሮፕላን ጥገና ሥራዬን ሊያዩ አዲስ አበባ የመጡ ጊዜ ያስታውሳሉ? የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም አካል ቆርጠን፣ በልኩ ጠፍጣፋ ደርበን በሪቬት፣ በዚያ ሁለቱን ቆርቆሮ በሚያጣብቀው ችንካር፣ ስንመታው አይተው፣ ይኸማ የእኔው ሥራ አይደል ብለው ደረትዎን ነፉ። አጠገቡ የቆመው አዲሱ አውሮፕላን ከካርቦን ክርና ከሙጫ መሠራቱን ስነግርዎ ግን፣ ሙጫማ ለወረቀት ነው ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ዕቃ ጫኝ መኪና አንዱን አዲስ አውሮፕላን ጎኑን ገጨው። አሉሚኒየም ቢሆን ይጎደጉድና ጉዳቱን ያሳይ ነበር። ይኸኛው ቀለሙ ትንሽ ከመጫሩ በቀር ደህና ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ንብርብሩ ተላቅቋል። ገበያ ላይ እንስራ ሲገዛ እንደሚደረገው እያንኳኳን፣ ድምፁ የታፈነበትን ለየን፤ በመሣሪያም አረጋገጥን። የተላቀቀውን በደረጃ ሞርደን አነሳን፣ አዲሱን የካርቦን ጨርቅ የክሩን አቅጣጫ ጠብቀን በሙጫ አነባበርን፣ አየሩን አስመጥጠን በሙቀት አጠነከርነው። አንድም ሪቬት የለበትም። ተፈተሸ፣ አለፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

እማዬ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ የተመደበው አውሮፕላን እሱው ሆነ። አባባ፣ ፈራሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ የእርስዎ ሳቅ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ልንገራት አልንገራት ስል፣ ከተሳላሚዎቹ ጋር እየዘመረች ገባች። እስክትመለስ እህል አልወርድ አለኝ።

ተመስገን፣ በዚያው አውሮፕላን በሰላም ተመለሰች። ሳያት አቅፌያት አለቀስኩ፣ እሷ ናፍቆት መሰላት። ቅሬታዋ አንድ ብቻ ነበር፦ የቀረበላት ምግብ የጾም መሆኑን ስላላመነች ስትሄድ የያዘችውን በሶ በጥብጣ ጠጥታለች። ምንኛ እንደቀለለኝ!

ጎልጎታ ላይ የክርስትና ስምዎን አስጠርታለች። እኔም አንድ ጥገና ጨርሼ እጄን በታጠብኩ ቁጥር አስብዎታለሁ፤ አልረሳዎትም። ስለ አውሮፕላኑ ግን እማዬ እስካሁን አላወቀችም፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩዎ። አደራዎን፣ አንድ ቀን እዚያ ስትመጣም እንዳይነግሩብኝ።

ልጅዎ ስንዱ