በአርባ አንድ ወታደሮች ላይ ያልፈረሙት ወይዘሮ አዲስዓለም ሰይፈሥላሴ

ወይዘሮ አዲስዓለም ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ሰይፈሥላሴ ይርዳው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ አበጋዝ በ1955 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው አዲስ አበባ በነርስነት ተመረቁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ሲገቡ የነርስነት ወረቀታቸውን የሚያይላቸው ስላልነበረ ፓርክ ሮያል በሚገኝ የምግብ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሳንድዊች አሽገዋል። እየሠሩ ተምረውም በስታትስቲክስ ዲግሪ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከአቶ አምሃ ዘርጋው ጋር ተጋብተው ኑሯቸውን ኬንቲሽ ታውን አደረጉ፤ ሴት ልጃቸውን ያኤልንም ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የመድኃኒትና የክትባት ደህንነት በሚገመግም ተቋም ተቀጠሩ። የተቋሙን ስም አንጠራም፤ ቀብራቸው ላይ ቦታ አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ውጭ አገር ለሚዘምቱ ወታደሮች የተሰጠ አንድ ክትባት ደህንነቱን እንዲገመግሙ ተመደቡ። ከተከተቡት አራት ሺህ ወታደሮች አመመኝ ያሉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። አለቆቻቸው ደስ ሲላቸው ለአዲስዓለም ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ሲያጣሩ፣ የጤና መጠይቅ ቅጹ የተሞላው ወታደሮቹ ተሰልፈው፣ አዛዣቸው ፊት ቆመው ሆኖ ተገኘ። እናታቸው ወይዘሮ ማሚቱ እግራቸው በስኳር በሽታ ሊቆረጥ ሳምንት ሲቀረው እንኳ ለጠየቃቸው ሁሉ “ደህና ነኝ፣ ተመስገን” ይሉ ነበር። ሰው ፊት የተባለ “ደህና ነኝ” መልስ እንዳልሆነ ለማወቅ የማሚቱ ልጅ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። አስፈቅደው ስድስት መቶ ወታደሮችን አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው፣ በስልክ ጠየቁ። አርባ አንዱ በክትባቱ ሰሞን ደረታቸውን ወግቷቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደነበር ነገሯቸው።

“ክትባቱ ይገድላል አላልኩም፤ በቅጡ ሳንጠይቅ ደህና ነው አንበል ነው ያልኩት” ይሉ ነበር። አርባ አንዱ የተጻፉበት ገጽ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ተደረገ። “የሚያሳስብ ነገር አልታየም” ከሚለው መደምደሚያ ሥር ይፈርሙ ተባሉ። እምቢ አሉ።

እዚህ ላይ እኛም አንዋሽ። አቶ አምሃ “አዱዬ፣ እንደ ሰዉ ሳይን አድርጊና በሰላም እንኑር” ብለው ለምነዋቸዋል። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ሌዊም “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” እያለ በሰው መሐል ቀልዶባቸዋል። ያ ቀልድ ዛሬ ያንገበግበዋል። በመጨረሻ ሌላ ሰው ፈረመ፤ እርሳቸው ከሥራቸው ተሰናብተው፣ በሃምሳ ዓመታቸው ሆሎዌይ ባለች ትንሽ ፋርማሲ መድኃኒት አቀባይ ሆኑ።

የኮሮና ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ነሽ ያላሏቸው የአገራችን ሰዎች ስማቸውን መጥራት ጀመሩ፤ “ክትባት እንደሚገድል አዲስዓለምን ጠይቁ” እየተባለ መልእክት ዞረ። የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ስለ አዲሱ ክትባት የወጣውን ጥናት ሁሉ ቼክ አድርገው፣ ተሰልፈው ተከተቡ፤ ከቅዳሴ በኋላም ቆመው ይህንኑ ተናገሩ። ለተቋሙ ነገረኛ፣ ለወገን ከሃዲ ተባሉና ስልካቸው መጮኹን አቆመ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ጥቁር ለብሰው እዚህ ቆመዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ወይዘሮ አዲስዓለም በቆሽት ካንሰር ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ አምሃን፣ ልጃቸውን ያኤልንና ወንድማቸውን ሌዊን ትተዋል። አርባ አንድ ወታደሮችም አሏቸው። እኅታችን ስማቸውን በአደራ ስለተቀበሉ ለእኛ እንኳ ሳይነግሩን ሄዱ፤ መርዶ የምንልክበት አድራሻ የለንም። ዛሬ ጤነኛ ይሁኑ፣ ይታመሙ፣ በሕይወት ይኑሩ፣ አናውቅም። ከእርሳቸው በኋላ ደውሎ የጠየቃቸው የለም።

እነርሱን በየስማቸው የሚያውቅ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን።