እናትሽ ግንቡን አልወጣም ያለችበት ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለሞሬና፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺስ እንደምን ነሽ፣ ቤቱስ እንደምን ነው፣ እዚያ ማዶ፣ ሞንቴቪዴዮ ያለው አየርስ ተስማማችሁ? ያ ሲያስጨንቅሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ አኒባልስ ወገቡ ተሻለው? ወይስ አሁንም የሚያመው ዕቃ የሚነሳ ቀን ብቻ ነው? ሕፃኑ ፋኩንዶስ ጥርስ አወጣ? እኔ አጎትሽ ከጥርሴና ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ጥርሱን እሱ ሲያበቅል እኔ እጥላለሁ፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ምንም አልጎደለበትም።

እናትሽ ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ደብዳቤ ከመሃል ጀምሮ የማንበብ አመል ስላለሽ ነው።

የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። አባትሽ ኤርኔስቶ ከሞተ ወዲህ የእናትሽ ብቻዋን መሆን እንቅልፍ እንደነሳሽ፣ እሷ የምትኖርበትን ክፍል ቀለም ቀብታችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ነገር ግን «ነይ» ስትያት ወሬ እንደምትለውጥብሽ ነግረሽኛል። «አጎቴ፣ አንተ አግባባልኝ» ብለሽም ለምነሽኛል። እኔም አሰብኩና፣ ይህች ሴት ከተማዋን በደንብ ብትሰናበት ልቧ ይፈታል አልኩ። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ሄጄ፣ «ዮላንዳ፣ ዛሬ እንደ ቱሪስት ሆነን እንዋል» አልኳት።

«ቦሎኛ ውስጥ?» አለችኝ።

«አዎ። ስድሳ ስድስት ዓመት ስትኖሪባት አንድ ቀን ቀና ብለሽ አይተሻታል?»

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አለችና ጫማዋን አደረገች።

እኔ የገለባ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ፊልም የሌለው ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የከተማ ካርታ ዘቅዝቄ ይዤ ነበር የወጣሁት። ገበያው ውስጥ ዓሣ ሻጩ ኤርሜስ ጋ ስንደርስ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አልኩት፣ ባሕር በሌላት ከተማ። ኤርሜስ ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝና፣ «ዮላንዳ፣ ይህን ሰው ፀሐይ ሳይመታው ወደ ቤቱ መልሽው» አላት። «ዘግይተሃል፣ ከተመታ ቆይቷል» አለችው እናትሽ። አባትሽ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። በልቤ፣ ነገሩ ሊሆንልኝ ነው አልኩ።

ከዚያ ትልቁ አደባባይ ደረስን። እኔ መሃሉን ሰንጥቄ ልሻገር ስል እናትሽ በዳር በዳር፣ የበረንዳውን ጥግ ይዛ ትዞራለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ድመት ግድግዳ የምትታከኪው?»

«ፀሐይ ሸሽቼ ነው።»

የምን ፀሐይ? ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተከድኖ ነበር። ቀጥሎ ምንጩ ላይ በቆመው የኔፕቱን ሐውልት ሥር ፎቶ ላነሳት ዞር ብል የለችም። ምንጩን በግራ በኩል ሁለት ጊዜ ዞራ ስታበቃ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለች። የት ጠፋሽ ብላት፣ «በየትኛው በኩል እንደሚያምር እያየሁ ነበር» አለችኝ። አንቺ እዚያ ሆነሽ ሳቅ ጀምረሽ ይሆናል፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ ስለወጣሽ ነገሩ ይገባሻል። እኔ ግን ከአምስተኛ ክፍል በኋላ የተማርኩት አውቶቡሴን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አቁሜ በማነባቸው መጻሕፍት ነው። እዚያ ደግሞ ማንም ፈትኖኝ አያውቅም።

ለምሳ ምግብሽን ይዘሽ የምትገቢበት የድሮው ወይን ቤት ገባን። ዳቦና የሞርታዴላ ቋሊማ ዘርግተን፣ ቀይ ወይን አስቀድተን ተቀመጥን። እኔም እንደ አስጎብኚ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ትልቁን ግንብ ያሠራው የጎረቤቱን ጓሮ አሻግሮ ማየት የፈለገ ምቀኛ ባለጸጋ እንደሆነ መተረክ ጀመርኩ። እናትሽ አፏ ውስጥ ያለውን ዋጥ አድርጋ፣ «በመቶ ዓመት ተሳስተሃል፤ ያልከው ጎረቤትም ገና አልተወለደም» አለችኝ። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌዎች በሳቅ ፈረሱ። ይህን ከየት አመጣችው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ሞርታዴላው ጥሩ ነበር።

እንግዲህ የቀኑ ማሳረጊያ እንዲሆን ያሰብኩት ግንቡን ወጥተን ከተማዋን ከላይ ማየት ነበር። እዚያ ላይ ሆና ቀዩን የጣሪያ ክዳን ሁሉ ስታይ፣ «በቃ፣ አየሁት፤ አሁን ወደ ልጄ ልሂድ» ትላለች ብዬ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። ጉልበቴን አሞኛል አለች። ባለፈው ሳምንት እስከ ሳን ሉካ ኮረብታ ድረስ በእግሯ ወጥታ የወረደች ሴት!

«ፈሪ መሆንሽን እናታችን ታውቅ ነበር» አልኳት ለቀልድ።

«አዴልሞ፣ አልወጣም አልኩ። አንድ ቀን እወጣለሁ። ዛሬ አይደለም።»

«አንድ ቀን ማለት መቼ ነው? ሞንቴቪዴዮ ከገባሽ በኋላ?»

ፊቷ ተለወጠ። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጥላኝ ሄደች። ቀልዴ አንዳንዴ እንደ አሮጌ ፍሬን ነው፤ ጩኸቱ እንጂ ማቆሙ የለም። ተከተልኳት። አደባባዩ ጋ ስደርስባት ዝናብ ጀመረ፤ ሁለታችንም ሮጠን ያንን ባለ አራት ማዕዘን ቅስት ሥር ተጠለልን። ልጅ ሆነሽ እኔና አንቺ የምንጫወትበትን ታስታውሺዋለሽ፤ አንዱ በአንዱ ማዕዘን ግድግዳው ላይ ሲያንሾካሹክ፣ ሌላው በወዲያኛው ማዕዘን አጥርቶ ይሰማዋል። እናትሽ ሳትነግረኝ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ወደ ትይዩው ሄድኩ። እንደተቀጡ ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ቆምን።

«ተቀየምሽኝ?» አልኩት ግድግዳውን።

«አንተን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ?» አለኝ ግድግዳው።

«ታዲያ ለምንድን ነው ልጅሽ ጋ የማትሄጂው?»

ከኋላዬ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት እውነተኛ ቱሪስት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ የእናትሽ ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ሁለት ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ ቀርቶኛል።»

«የምን ፈተና?»

«የታሪክ። ሞሬናን ሳረግዝ አቋርጬው የነበረው። ኤርኔስቶን ከቀበርን በኋላ ተመለስኩበት። ቤቱ ዝም አለብኝ፣ አዴልሞ።»

ሞሬና፣ ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሳይመረቅ አደባባዩን በሰያፍ የሚሻገር ተማሪ አይመረቅም ይባላል፤ በዳር የዞረችው ለዚያ ነው። ለፈተና የተቃረበ ኔፕቱንን ሁለቴ ይዞራል። ግንቡን ደግሞ ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ ዲግሪውን በዓይኑ አያየውም። እኔ ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ተማሪ ትሆናለች ብሎ ያላሰበው ጭንቅላቴ ነው። እዚችው ከተማ ተወልዳ ግንቡን አንድም ቀን አልወጣችም፤ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ብወድቅስ? እሷ ገና ሳልፈተን በደስታ ለአገር ምድሩ ታወራለች፤ አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ትስቅብኛለህ።»

«ብታልፊም እስቅብሻለሁ» አልኳት። ግድግዳው ሳቀ፤ ከዚያም አፍንጫውን ሲያብስ ሰማሁ። ዞሬ አላየኋትም።

ይህን የምጽፍልሽ ከእሷ ደብቄ አይደለም። «በስልክ ከነገርኳት አለቅሳለሁ፤ አንተ ጻፍላት። እሷን ጠልቼ እንዳይመስላት» ብላኛለች። ምረቃዋ በኖቬምበር ነው፣ ፈተናዎቹን ካለፈች። ክፍሉን ለማንም አትስጡባት፤ ቀለሙ በደንብ ይድረቅ። ከምረቃው በኋላ ትመጣለች፤ ለመኖር ይሁን ለመጠየቅ ያኔ እወስናለሁ ብላለች። እኔም አግባባት ብለሽ የላክሽኝን ሥራ ትቻለሁ።

መስኮቴ ላይ ያለውን የሎሬል ተክል ታውቂዋለሽ፤ ቅጠሉን ወጥ ውስጥ የምጨምረው፣ ተመራቂዎች አክሊል አድርገው ራሳቸው ላይ የሚደፉት። ከቅዳሜ ጀምሮ አንዲት ቅጠል አልቆረጥኩም። የእናትሽ ራስ ትልቅ ነው፣ ብዙ ቅጠል ይፈጃል። ወጤ ጣዕም የለውም፤ ግድ የለም።

ለአኒባል ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወገቡን ከአሁኑ ያሳርፍ፣ በኖቬምበር ለምረቃው ስትመጡ ሻንጣ የሚሸከመው እሱ ነው። ለአማትሽ ለዶኛ ኤልቪራ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ፋኩንዶን ጉንጩን ሳሚልኝና ደረጃ መውጣት አለማምዱት። ግንቡ ረጅም ነው፤ አያቱ ያን ቀን ማንንም አትጠብቅም።

አጎትሽ አዴልሞ

ቦሎኛ፣ ሜይ 17 ቀን 2009