ሊያ ያጠናችው ፊደል

ሜይ 4፣ 1996፣ ቅዳሜ ማታ
በኮምፒዩተር የሠራኋቸው የቃል ማጥኛ ካርዶች ደረሱ። ከፊት አማርኛ፣ ከጀርባ እንግሊዝኛ። ውሃ። ዳቦ። ነይ። ደከመሽ? አባባ። አይዞህ። ካርዶቹ ያሉበትን ዲስኬት ዛሬ ለሊያ ሰጠኋት፤ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኤርድሪ፣ ያው ዶናት ቤት። ከፍቺው ወዲህ ከልጄ ጋር የምንገናኘው እዚያ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ።

እማዬ በዚህ ወር ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እንግሊዝኛ የላትም። ሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ የላትም። እማዬ እድሜዋ ገፍቷል፣ ሁለተኛ የምትመጣ አይመስለኝም። ሳይነጋገሩ እንዳይለያዩ ፈራሁ።

በእጅ ጽፌም ሞክሬ ነበር። ወረቀቱን እንደታጠፈ ከመኪናው ወንበር ሥር አገኘሁት። ኮምፒዩተሩ ግን መልሱን ስታውቅ ያጨበጭብላታል። ጭብጨባ ትወዳለች። የአባቷ ልጅ።

ሜይ 7፣ ማክሰኞ
ጃኒስ ደወለች፣ የሊያ እናት። ዲስኬቱ ውስጥ አማርኛ የለም አለች። የዶላር ምልክት፣ የመቶኛ ምልክት፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት። ለካ ፎንቱ፣ የአማርኛው ፊደል መልክ፣ እሷ ኮምፒዩተር ላይ የለም። ጫኚው አልኳት። አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩ የመ/ቤቷ ነው፣ ምንም አይጫንበትም። በትሕትና ነው የነገረችኝ። 

ካስልሪጅ ሰፈር ለሚኖረው ለብርሃኑ ደወልኩ፣ ፎንቱን የሰጠኝ እሱ ነው። የኮምፒዩተር ፊደል የሠራ ሁሉ የየራሱን ኮድ ሰጥቶታል፣ አንዱ የሌላውን አያነብም አለኝ። እንደ ማኅበራችን ስብሰባ። ሌላ ፎንት ሰጠኝና ካርዶቹን እንደ አዲስ ጽፌ በፖስታ ላክሁ።

ሜይ 12፣ እሑድ
ሁለተኛው ዲስኬት ደረሰ። ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከመጀመሪያውም ባሰ።

አንተ ደብተር ታድለሃል። ጠዋት የጻፍኩብህን ማታም ያንኑ ታሳየኛለህ።

ሜይ 15፣ ረቡዕ
ሊያ ራሷ ደወለች። ዳዲ፣ ሁሉንም አገኘሁ፣ አንድም አልሳትኩም። ከበስተኋላዋ ኮምፒዩተሩ ሲያጨበጭብ ሰማሁ። ጃኒስ መላ አግኝታለታለች ማለት ነው። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ያለኝን ቀን ልመረምረው አልፈለግኩም።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ
በረዶ፣ በሜይ።

ዶናት ቤት ናፕኪን ላይ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩላት። አየችው። ይሄ አማርኛ አይደለም አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። እስክሪብቶውን ወሰደችና ከሥሩ የመቶኛ ምልክትና የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ጻፈች። ውሃ ይሄ ነው አለች።

ለካ ያጠናችው ያንን ነው። የመጀመሪያውን ዲስኬት። ምልክቱን አይታ ትርጉሙን ትናገራለች፤ ድምፁን ግን አንድም ቀን አልሰማችም። አማርኛ እንዲያ የሚጻፍ መስሏታል፤ አይደለም ብሎ ማን ነግሯት?

እውነቱን ነገርኳት። ምናለ ዝም ብል። አያቴ ታዲያ የኔን ማንበብ አትችልም? አለች። አትችልም አልኳት።  ትሪውን መልሼ ስመጣ ጃኬቴን አቀበለችኝና ሳታቅፈኝ ወደ እናቷ መኪና ሄደች። ወደ ካልጋሪ ስመለስ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ልጄን አሞኘኋት።

ሜይ 19፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ከጃኬቴ ኪስ ውስጥ ያ ናፕኪን ወጣ። ጀርባው ላይ አንድ መስመር ምልክት፣ በሊያ እጅ። ትሪውን ስመልስ የጻፈችው መሆን አለበት። አገላብጬ አየሁት፤ ምንም አይገባኝም። የገዛ ልጄ ጽፋልኝ ማንበብ አቃተኝ።

ምሽት፣ 1 ሰ.
ከራት በፊት ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀመጥኩ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስገባኋቸው፤ ቁልፎቹ ላይ የሌሉትን ከኮምፒዩተሩ የምልክት ሠንጠረዥ እየለቀምኩ። ከዚያ ሁሉንም መርጬ የብርሃኑን የመጀመሪያ ፎንት ሰጠኋቸው።

አባባ አይዞህ።

አንድ ፊደል አልሳተችም። ለካ ጽሑፉ አልተበላሸም ነበር። እሷ ዘንድ ሌላ ልብስ ለብሶ ነው እንጂ ያው የኔው አማርኛ ነው። አለቀስኩ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ደግሞ ትዝ አለኝ፤ እማዬ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬ በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ነው እንጂ በልቧ ማንበብ አትችልም። ስንስቅባት ኖረናል።

ስለዚህ ዲስኬቱን አላስተካክልም። እማዬ ሐሙስ ትገባለች። ሁለቱንም እዚህ ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጣቸዋለሁ። ሊያ በራሷ ምልክት ትጻፍ፣ ስክሪኑ በፊደል ያውጣው፣ እማዬ ጮክ ብላ ታንብበው። ሊያም የምታውቀውን ቃል ድምፅ ከአያቷ አፍ ትስማው።

የሚመጣው ቅዳሜ ተራዬ አይደለም። ነገ ሊያን እንድትልክልኝ ጃኒስን እለምናታለሁ። እሺ ካለችኝ፣ ሁለቱን አስቀምጬ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ እቆያለሁ።