ባትሪ የሌለው ሬዲዮ

ይድረስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ለምትሠራው ልጄ። እንደምን ከርመሃል? እኔና እናትህ፣ መብራት በየቀኑ ከሚጠፋብን በቀር፣ ደህና ነን።

ፀጉር ቤቴ እንደምታውቀው ነው፤ የሚቆረጠው ጥቂት፣ ዓለምን የሚመራው ብዙ። ታክሲ ነጂው ነዳጅ የተወደደው መርከቦች ስለተመቱ ነው ይላል። ጡረተኛው መምህር ደግሞ ሰው አልባ አውሮፕላን የፈለሰፈውን ሲራገም ይውላል። "ስልካችን እንኳ ይሰልለናል" ቢለኝ፣ "አንተን ሰልሎ ምን ሊያገኝ?" አልኩትና ሳቅን።

መስተዋቱ አጠገብ የዓለም ካርታ ሰቅያለሁ። ለጌጥ ነው። መርከቦቹ የተመቱበት ጠባብ የባሕር መተላለፊያ የት እንደሆነ ደንበኞቼ ሲከራከሩ በማበጠሪያዬ አሳያቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የመምህሩን ጆሮ በመቀስ ጫር አደረግኩት፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያው ነው። የፀጉር ቤቱ ሬዲዮ ስለ አንዲት መርከብ እያወራ ነበር፤ ግን መቀሱ አዲስ ስለሆነ ነው።

የቤታችን ሬዲዮ ተበላሽቷል። ማለቴ፣ ባትሪውን አውጥቼ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ለእናትህ ግን ተበላሸ ነው ያልኳት። ዜና ሳትሰማ ራት የማታቀርብ ሴት መሆኗን ታውቃለህ።

ወደብ ስትደርሱ ደውል። ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ "ሃሎ" ብለህ ብትዘጋውም ይበቃል።

በል ልጄ፣ ደህንነትህን ያሰማን። እናትህም ሰላም ብላሃለች። ሬዲዮው ከተበላሸ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ መቼ ይሠራል ብላ አንዴም አልጠየቀችኝም።

አባትህ