መንዳት እችላለሁ ወይ?

አባዬ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ብርዱ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ተመስገን ጤና ነኝ፤ ልቤ ግን ሰሞኑን እረፍት አጥቷል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአውቶብስ ሾፌር እኔ ጋ ሊታከም መጣ። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ባልደረቦቹ «ኤሊው» ይሉታል አሉ። ቁርስ ላይ እያለ ራሱን ስቶ ወድቆ ስለተንዘፈዘፈ ሚስቱ ናት ደግፋ ያመጣችው። መረመርኩት፤ መድኃኒት ጻፍኩለት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለና፣ «ዶክተር፣ ነገ ተረኛ ነኝ፤ መንዳት እችላለሁ ወይ?» አለኝ።

አባዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ተምሬ መልሱን አላውቀውም ነበር። ጎን ያለውን ሐኪም ብጠይቀው «መድኃኒቱን ከዋጠ ምን ይሆናል?» አለኝ። አለቃችን ደግሞ ስቆ፣ «እኛ እናክማለን እንጂ ትራፊክ ፖሊስ አይደለንም» አለ። ሁሉም ገመተ እንጂ የመንጃ ፈቃድ ደንቡን ያነበበ አልነበረም። ሰውዬውን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ ራሴ ፈልጌ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው፣ ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድለት ድረስ መሪ መያዝ የለበትም። ይህን መንገር ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።

ስነግረው አልጮኸም። «እንግዲህ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ?» አለኝ። ሚስቱ እጁን ብትይዘው መንጭቆ ወጣ። ቂም እንደያዘብኝ ከአካሄዱ አወቅሁ።

ትናንት ሚስቱ ብቻዋን መጣች። ሕመሙ እንደገና ጥሎት ነበር፤ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ። «ሰዓቱ እኮ የተማሪዎች ሰርቪስ የሚነዳበት ነበር» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አባዬ፣ ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስጀምረው ወሬ ስለምትቀይርብኝ ነው። እማዬ ጠዋት ትራስህ ላይ ደም አይታ ብትጠይቅህ፣ «ምላሴን ነክሼ ነው፤ ሕልሜ ውስጥ ሥጋ እየበላሁ» ብለህ እንዳሳቅሃት አጫወተችኝ። እሷ ለጨዋታ ብላ ነው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ በእንቅልፍ ምላስ መንከስ የዚያ የሾፌሩ ዓይነት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የወንድሜን ልጆች ጠዋት ጠዋት በመኪናህ ትምህርት ቤት የምታደርሳቸው አንተ አይደለህ?

ለወንድሜ ደውዬለታለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ራሱ ያደርሳቸዋል። አንተ እሁድ እኔ ጋ ና። መኪናዋን እዚያው ተዋት፤ እማዬን ይዘህ አውቶብስ ተሳፈር። ሰኞ የማሳይህ ጎበዝ ሐኪም አለ።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ኖረህ ተቀየመኝ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ።

ነገረኛዋ ልጅህ